ከማሳ የወጣን የተዋጊ አውሮፕላን ስብርባሪ እንዴት እንመርምር?

ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የፋሺስት ጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽጉ ያደረጋት ከተማ ናት፤ አዛዡ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠውም እዚሁ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከአዘዞ እስከ ቁልቋል በር ባለው ምድር በእርሻ፣ በመሠረት ቁፋሮ ወይም በጎርፍ ምክንያት የአውሮፕላን ብረት ብቅ ቢል አያስገርምም። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር ፊያት ሲ.አር. 42 የተባለ አንድ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን፣ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ባበረረው ግላዲያተር በተባለ እንግሊዝ ሠራሽ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ፣ አሸናፊው ወገን ለሞተው አብራሪ የአክብሮት መልእክት ከአየር ላይ ጥሎለታል። አውሮፕላኑን ለበረራ ያበቃውን መካኒክ ግን ማንም አላነሣውም። አውሮፕላኑ የወራሪ መሣሪያ እንደ ነበር አልዘነጋም፤ ሆኖም ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በእንዲህ ያለ ስብርባሪ ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት የዚያ መካኒክ የእጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እጅን መሰብሰብ ይገባል። ሲ.አር. 42 ሁለት ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ይታጠቅ ስለ ነበር፣ ከአፈር ውስጥ ጥይት፣ ከዚያም የከፋ ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል። ጥይት የሚመስል ነገር ከታየ ቁፋሮውን ማቆም፣ ልጆችን ማራቅ፣ ቦታውን ከርቀት ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማሳወቅ እንጂ በዶማ ጫፍ መነካካት ፈጽሞ አይገባም። ሰዓት የሚመስል የበረራ መለኪያ ከተገኘም መስተዋቱን አትክፈቱ፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ መለኪያዎች በጨለማ እንዲነበቡ ጨረር በሚያመነጭ ራዲየም ይቀቡ ነበርና፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ቦታው አደጋ የሌለበት መሆኑ በሚመለከታቸው ባለሙያዎች ከተረጋገጠ በኋላ፣ ብረቱን ከማንሣት በፊት እንደ ወደቀ ፎቶግራፍ አንሡት። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ጥልቀቱን፣ ወደየት አቅጣጫ እንደ ተጋደመና ከአጠገቡ ምን እንደ ነበረ በደብተር ጻፉ።

ጽዳት ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት ከአንድ ዘመዴ የተሰጠኝን ላሜራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አብረቀረቅሁት፤ ሥራዬን ስጨርስ በቀለም ተጽፎ የነበረው ቁጥር ከአፈሩ ጋር አብሮ ሄዷል፤ ከመፈግፈጌ በፊት ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣሁትም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ቤንዚን፣ ሎሚና የብርጭቆ ወረቀት አይነኩትም። ከዚያ በጥላ ሥር ይድረቅ። የተቀረጸ ፊደል ከተጠራጠራችሁ የስልክ መብራት ከጎን አጋድማችሁ አብሩበት፤ ወይም ስስ ወረቀት አልብሳችሁ በእርሳስ ጎን ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ዓይን ያላየው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘውና ነጭ ዱቄት እየተፋ እንደ ቅጠል የሚላጥ ከሆነ የአሉሚኒየም ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ቁራጩን መዝኑና እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አጥልቃችሁ የፈሰሰውን ውኃ ለኩ። 560 ግራም የሚመዝን ቁራጭ 200 ሚሊ ሊትር ካፈሰሰ ግራሙ ለሚሊ ሊትሩ ሲካፈል 2.8 ይሰጣል፤ ይህ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ወደ 1.8 ከወረደ ግን ማግኒዚየም ስለሚሆን መሞረድም ማቅለጥም አይሞከርም፤ በእሳት ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሲ.አር. 42 የብረት ቱቦ አጽም ነበረው፤ ክንፉና የኋላው አካሉ በጨርቅ የተለበጠ ስለ ነበር ጨርቁ በስብሶ ቱቦው ብቻ ሊቀር ይችላል። ሞተር ከተገኘ ሲሊንደሮቹን ቁጠሩ፤ የፊያቱ 14 ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሲሆኑ የግላዲያተሩ በአንድ ረድፍ 9 ናቸው። የጣሊያን ብሎንና ዳዶ በሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዝ ደግሞ በኢንች ልክ የተሠሩ በመሆናቸው መፍቻም ይመሰክራል፤ ዝገት ልክን ስለሚያዛባ ግን በአንድ ዳዶ ብቻ አይፈረድም። በነገራችን ላይ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ላሜራ እያልን በየጋራዡ የምንጠራቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ የዚያ መካኒክ ቋንቋ በእጃችን አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ከሲ.አር. 42ዎቹ ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ተበታትነው በኤስ.ኤም. 82 ማጓጓዣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጭነው ስለ ነበር፣ የመካኒኩ ሥራ ገና ከመገጣጠም ይጀምር ነበር። ጎንደር ስትከበብ ደግሞ መለዋወጫ የሚገኘው ከወደቀ ወይም ከተሰናከለ አውሮፕላን ላይ በመንቀል ነበር። ስለዚህ የሪቬቶቹን፣ ማለትም ላሜራን ከላሜራ ጋር የሚያያይዙትን ምስማሮች፣ ረድፍ በጣታችሁ ተከተሉ። የፋብሪካ ሪቬት እኩል እኩል ተራርቆ ይሄዳል፤ በሜዳ የተመታው ግን አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ራቅ ይላል፤ አናቱም አንዳንዴ ወደ ጎን የተደፋ ነው። የላሜራ ልጣፍ ካለ ጠርዙ በመቀስ ወይስ በመጋዝ እንደ ተቆረጠ እዩ። ስንጥቅ ካለ ጫፉን አጥብቃችሁ መርምሩ፤ መካኒኩ በስንጥቁ ማብቂያ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በስቶ ከሆነ፣ ይህ ስንጥቁ እንዳይቀጥል የሚደረግ ጥበብ ነው፤ የዛሬ ጠጋኞችም ይሠሩበታል። የብሎን አናት ተበስቶ በተጠማዘዘ ሽቦ ከታሰረ ሽቦውን አትፍቱ። በሞተር ንዝረት ብሎኑ እንዳይላላ የታሰረ ነውና፣ ያ ጥምዝ አንድ ሰው በገዛ ጣቶቹ የተወው ምልክት ነው።

ብረቱ ለዓመታት በቤት የኖረ ከሆነ ባለቤቱን በአክብሮት ጠይቁ፦ «አባባ፣ ይህን ያገኙት የት ነው? ምን ሲያደርጉበት ኖሩ?» የበር ማጠናከሪያ ወይም የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኖ መኖሩም የታሪኩ ክፍል ስለሆነ ይጻፍ። ለቆራሌው ከመስጠት ይልቅ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡት፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲታወቅና እንዳይነካካ ያዛል።

በመጨረሻ ከቁራጩ ጋር የሚኖር ወረቀት አዘጋጁ። «የጣሊያን አውሮፕላን ብረት» ብላችሁ አታብቁ፤ ለምሳሌ እንዲህ ጻፉ፦ «ላሜራ፣ 31 በ18 ሳንቲ ሜትር። ከማሳ የወጣ፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር። በስንጥቁ ጫፍ በመካኒክ የተበሳ አንድ ቀዳዳ አለው፤ በግራ ጠርዙ በእጅ የተመቱ ሰባት ሪቬቶች አሉ፤ ሰባተኛው ተደፍቷል።»