የሙዚቃ ምሁር ስታናግሩ መሣሪያው አጠገብ ይሁን

ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ነገር ለምኑ፤ መሣሪያቸው አጠገባቸው ይሁን። እኔ ይህን ሳላስብ ከአንድ የበገና መምህርና ተመራማሪ ጋር ቢሯቸው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ በገና አወራሁ። በገና ግን አልነበረም። አሁንም ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። "መምህር፣ ይሄ የሚነዝረው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳቸው። በቃል አልመለሱልኝም። ከአሥሩ አውታሮች ከአንዱ ሥር እንዚራዋን፣ ያቺን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ አወጡና አውታሩን ነኩት። ድምፁ ደረቀ። መልሰው አስገቧት፣ በጥፍራቸው ገፋ አደረጓት። ነዘረ። ጥናታቸውን የጠየቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ወሬያችንም ነፍስ ዘራ።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ በእጅ የሚመለስ ይሁን። "ትዝታ ምንድን ነው?" አትበሉ። "ክራሩን ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ይቃኙልኝ" በሉና የትኛው ክር እንደተነካ ጠይቁ። ሲቃኙ ዝም በሉ። ጆሯቸው የፈለገውን ሲያገኝ ፊታቸው ይነግራችኋል።

ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ስልካችሁን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት፤ የጣት ኳኳታ ሁሉ ይገባል። የታጠፈ ነጠላ ላይ ይቀመጥ።

ዜማውን ከማን እንደተማሩት ስሙን ጻፉ። ምሁሩ ተጠቅሶ ያስተማረው አዝማሪ ሲረሳ በጣም ያመኛል።

ስለ ራሳቸው ድርሰት ደግሞ አትቸኩሉ። ቡናው ሲቀርብ ጠይቋቸው። ያላለቀውን ሥራ የሚያሰሟችሁ ያኔ ነው።