የአሮጌ ቮልስ ቡሎን ዝገት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቮልስ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) የሚታሰርበት ቡሎን ባለ 8 ሚሊ ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው። በዚህ መጠን አዲስ ማግኘት ስለማይቸግር የዛገውን ጥሎ መግዛት ይቀላል። ይሁንና ከፋብሪካ አብሮ የመጣው ቡሎን ራሱ ላይ እንደ 8.8 ያለ የጥንካሬ ቁጥር፣ አንዳንዴም እንደ ካማክስ ያለ የጀርመን አምራች ስም ታትሞበታል። ቁጥር የሌለው አዲስ ቡሎን ግን ምን ያህል ጭነት እንደሚችል በምን ይታወቃል? ጥርሱ ያልተበላውን የድሮ ቡሎን ማዳን ያዋጣል የምንለው ለዚህ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቅባቱን ማጠብ፣ 5 ከመቶ አሲድ ባለው ነጭ አቼቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ አሲዱን ማምከን፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት። ወደ አቼቶው የሚገባው ብረት ብቻ ይሁን። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በፍጹም አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ሌሊት አድሮም ዝገቱ በቦታ በቦታ አልለቀቀም

መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ቅባት ነው። የዓመታት ግሪስና አቧራ ጥርሱ መሃል ጠጥሮ ስለሚቀመጥ አቼቶው ብረቱ ጋ አይደርስም። ቡሎኖቹን አውጥታችሁ ናፍታ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆዩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ውሃው ብረቱ ላይ ሳይንከባለል ገጹን እኩል ካረጠበ ቅባቱ ለቋል ማለት ነው፤ ወደ አቼቶው መልሱ። አቼቶው ጠቁሮ ከደከመ ቀይሩት። ሰዓቱን ብቻ ማራዘም መፍትሄ አይደለም፤ አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል።

ንጹሕ ሆኖ የወጣው ቡሎን በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ሆነ

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሥራው አልተበላሸም። አሲዱ ብረቱን እርቃኑን ስላስቀረው ውሃና አየር ሲያገኙት ያኔውኑ ዝገት ይጀምረዋል። ጥርሱ ስር የቀረው አሲድ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። በአንድ ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ቡሎኑን 10 ደቂቃ ያህል ክተቱት፤ መጀመሪያ አረፋ ያወጣል። ቀጥሎ ሊፈላ በተቃረበ ውሃ እጠቡት። ሙቅ ውሃ የሚመረጠው ብረቱ ራሱ ስለሚግልና እርጥበቱን ስለሚያተን ነው። የቀረውን በፀጉር ማድረቂያ ጨርሱ፣ ቡሎኑ ገና ሳይበርድ ቀጭን ዘይት ውስጥ ንከሩት። ቀለም የሚቀባ ከሆነ ዘይቱን ትታችሁ የዚያኑ ዕለት ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። በክረምት ወራት ደግሞ ዘይት በጠጣ ወረቀት ጠቅልሎ ክዳን ባለው ጣሳ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ጥቁር ጥላሸት የመሰለ ነገር እጅ ላይ ይቀራል

ከአሲዱ በኋላ ገጹ ላይ የሚቀር ዝቃጭ እንጂ ዝገት አይደለም። በሽቦ ብሩሽና በሶዳ ውሃ ይለቃል።

አቼቶው ውስጥ ገና እንደገባ በኃይል ፈላ፣ ነጩ ወይም ወርቃማው ልባስ ጠፋ

የጠፋው ቡሎኑ የተለበጠበት ዚንክ ነው፤ ከብረቱ ቀድሞ ይሟሟል። ልባሱ አብዛኛው ደህና ከሆነ አቼቶውን ትታችሁ በናፍታና በናስ ብሩሽ ብቻ አጽዱ። ከጠፋ ግን ቡሎኑ መከላከያ ስለሌለው እንደገና ዚንክ ማስለበጥ ወይም ቀለም መቀባት ግድ ነው። በዕድሜ የገፋ ወርቃማ ልባስ ካድሚየም ሊሆንም ይችላል። ካድሚየም መርዝ ነውና በትራፓኖ ላይ በሚዞር ብሩሽ አታቡንኑት፣ በደረቁም አትፈግፍጉት።

ቡሎኑ ጸድቷል፣ ዳዶው (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው) ግን ይወዛወዛል

ዝገት ከላይ የመጣ ቆሻሻ አይደለም፤ የቡሎኑ የራሱ ብረት ነው። ዝገቱ ሲነሳ የጎደለው መታየቱ አይቀርም። አዲስ ዳዶ በእጃችሁ አስገቡና ወደ ጎን ነቅንቁት። ከዚያም የጥርሱን ውፍረት፣ ከአንዱ ጎን የጥርስ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጎን የጥርስ ጫፍ፣ በካሊፐር ለኩ። የጤነኛ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ጥርስ ከ7.76 እስከ 7.97 ሚሊ ነው። ከዚያ ከወረደ፣ ወይም አንገቱ ላይ ከሌላው ቦታ ከቀጠነ፣ ያለ ማመንታት ጣሉት። ምንም ዓይነት ቅብ አይመልሰውም።

ከታሰረ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የቡሎኑ ራስ ተቀነጠሰ

ስብራቱን እዩት። ጥርሱ ስር ሳይሳብና ሳይቀጥን እንደ ጨው ፍሬ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መንስኤው ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል። አሲድ ብረትን ሲበላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባና ጠንካራውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል። 8.8 ብዙም አያሰጋም፤ ራሱ ላይ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈበት ግን አቼቶ ውስጥ አይግባ፣ በኤሌክትሪክም አይጽዳ፤ የሞላ ሮንዴላም እንዲሁ። የባትሪ አሲድ መጠቀም ከሁሉም የባሰ ነው። እነዚህን በናፍታና በሽቦ ብሩሽ ብቻ አጽዱ። የመሪ፣ የፍሬንና የጎማ ቡሎን ዝገት ጎድጉዶት ካገኛችሁ ቁጥሩ የተጻፈበት አዲስ ግዙ፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነውና።

በባትሪ ቻርጀር ሲጸዳ አንድ ጎኑ ብቻ ጠራ

በአቼቶ ፋንታ በባትሪ ቻርጀር የሚያጸዱም አሉ፦ ቡሎኑ ከቻርጀሩ አሉታዊ ሽቦ፣ ሌላ ብረት ከአዎንታዊው ጋር ታስረው ሶዲየም ካርቦኔት የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ኤሌክትሪኩ በደንብ የሚሠራው ከአዎንታዊው ብረት ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ነው። ቡሎኑን በየሰዓቱ አዙሩት፣ ወይም አዎንታዊ ብረቶቹን ዙሪያውን አቁሙ። ቡሎኑ ሁልጊዜ አሉታዊው ላይ ይታሰር፤ ሽቦው ከተገለበጠ የሚበላው ቡሎኑ ነው። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት ይበቃል። አዎንታዊው ተራ ብረት ይሁን። የማይዝግ ብረት መርዛማ ክሮሚየም ስለሚለቅ አትጠቀሙ። የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚቀጣጠል ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን።

ቡሎኑ ንጹሕ ነው፣ የመኪናው ሰውነት ላይ የተበየደው ዳዶ ግን አልቀበል አለ

ዳዶው ውስጥ ዝገትና የድሮ ቀለም ሞልቷል። በግድ ካጠበቃችሁ ዳዶው ከላሜራው ተነቅሎ አብሮ ይዞራል። የማይፈለግ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ጥርሱን በቁመቱ በብረት መጋዝ ሁለት ቦታ ሰንጥቁት፣ ዘይት ቀቡት፣ በእጅ አስገቡት። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያላችሁ ስትሄዱ ቆሻሻው ስንጥቁ ውስጥ ይሰበሰባል፤ እያወጣችሁ ጥረጉት። ለማሞቅ ካሰባችሁ የቮልስ ነዳጅ ታንክ ያለው ከፊት፣ ኮፈኑ ስር መሆኑን አስቡ፤ ታንኩ ወርዶ ከአካባቢው ሳይርቅ ፊት ለፊት በኩል እሳት አይለኮስም። ዋናው ቡሎን ሲመለስ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 4 ዙሮች ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ መግባት አለበት።