ያን ጥቁር ፕላስቲክ አትጣሉት፦ በድሮ የአሜሪካ ፈጣን መኪኖች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካማሮዬ ከተማ ውስጥ ምንም አትልም ነበር። አውራ ጎዳና ወጥቼ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስነዳት ግን የሙቀት መለኪያዋ ቀስ እያለ ይወጣል። ጋራዥ አስገባኋት። ራዲያተር ተቀየረ፣ የውሃ ፓምፕ ተቀየረ። ለውጥ የለም። አንድ ቀን አጎንብሼ ከሥር ሳያት፣ ከፊት ፓራውልቱ ሥር መኖር የነበረበት ጥቁር ፕላስቲክ የለም። ያገለገለ ፈልጌ አስገጠምኩላት። ሙቀቱ በዚያው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ ምንም ያህል ርካሽ ቢመስል፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሳላውቅ አላወልቅም። እናንተም እንዳታወልቁ እለምናችኋለሁ።

የፕላስቲኩን ነገር ትንሽ ላብራራ። ከ1982 እስከ 1992 የተሠሩት ካማሮና ፋየርበርድ፣ እንዲሁም ከ1984 እስከ 1996 የተሠራው ኮርቬት፣ አፍንጫቸው ዝቅ ያለ ነው። ለራዲያተሩ የሚሆነውን አየር በአብዛኛው የሚስቡት ከሥር ነው። ፕላስቲኩ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከመኪናው ሥር ሊያልፍ የነበረውን አየር ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ራዲያተሩ ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ ከኋላው ከሞተሩ ሥር ያለውን የአየር ግፊት ይቀንሳል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለፈው ሙቅ አየር መውጫ የሚያገኘው በዚህ ነው። ፕላስቲኩ ከሌለ አየሩ መግባትም መውጣትም ይቸግረዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ለዩ። መኪናው የሚሞቀው በፍጥነት ሲሄድ ከሆነ መጀመሪያ የአየር መንገዱን እዩ። የሚሞቀው መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም ከሆነ ፋኑን እዩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሥር የሚተነፍስ መኪና ቅጠልና ፌስታልም ይስባል። ቆሻሻው በኤሲው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል ይጠራቀማል። ከፊትም ከኋላም አይታይም። የላይኛውን መሸፈኛ ፈታችሁ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ።

ሌላው ስህተት ኮፈኑን ቀይሮ ከሥሩ ያለውን የማሸጊያ ጎማ መርሳት ነው። በ1969 ካማሮና በ1970 ሼቬል ኤስኤስ ላይ በአማራጭ ይመጣ የነበረው ኮፈን የአየር መግቢያው ወደ ኋላ፣ ወደ ሹፌሩ የዞረ ነው። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። መኪናው ሲሮጥ ግን አየር የፊት መስታወቱ ግርጌ ላይ ተጋጭቶ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ እዚያ ከፍ ያለ ነው። ኮፈኑ የሚወስደው ያንን ቀዝቃዛ አየር ነው። ይህ የሚሠራው በፊልትሮው (በአየር ማጣሪያው) ቤትና በኮፈኑ መካከል ያለው ጎማ በደንብ ከገጠመ ብቻ ነው። ጎማው ከሌለ ሞተሩ የሚስበው የራሱን ትኩሳት ነው። ሼቬሉ ላይ ደግሞ መግቢያውን የሚከፍት ክዳን አለ። ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ የሞተሩ የመሳብ ኃይል ይወርድና ክዳኑ ይከፈታል። የ1970 ፕሊመዝ ሮድ ራነርም ከዳሽቦርድ ሥር ባለ ማብሪያ ከኮፈኑ ላይ የሚነሳ የአየር መግቢያ ነበረው፤ እሱም የሚሠራው በዚሁ ኃይል ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን ኃይል የሚያደርሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ባለቤቱ ሞተሩን ከመውቀሱ በፊት ቱቦዎቹን ይይ።

ፖንቲያክ ትራንስ አም ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ከኮፈኑ ወጥቶ ከሞተሩ ጋር የሚንቀጠቀጠው አየር መሳቢያ ከ1973 ጀምሮ ከፋብሪካ የሚመጣው ተዘግቶ ነው። ምክንያቱ የድምፅ ሕግ ነው። የ1977 መኪናችሁ በዚያ በኩል የማይተነፍሰው ስለተበላሸ አይደለም።

ክፍት ፊልትሮ መግጠምም የተለመደ ነው። ድምፁ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የፋብሪካውን ዝግ ቤት ከነአፍንጫው ጥላችሁ ክብ ክፍት ፊልትሮ ካርቡሬተሩ ላይ ስታስቀምጡ፣ ሞተሩ ከኮፈን ሥር ያለውን ሙቅ አየር ይተነፍሳል። አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እፍጋቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ከውጭው በ30 ዲግሪ ቢበልጥ ስንት እንደምታጡ አስቡት። የድሮውን ቤት ማቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ በአፍንጫው ውስጥ ያለችውን ትንሽ በር ፈትሹ። ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ከጭስ መውጫው አጠገብ ሙቅ አየር የምታመጣው እሷ ናት። እዚያው ተጣብቃ ከቀረች ቀኑን ሙሉ ሙቅ አየር ነው።

ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው) ላይ የሚሠራው ስህተት በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ምንም አያገኝበትም። በእኔዋ መኪና ዘመን የነበሩ ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩ ካማሮዎችና ኮርቬቶች ቴርሞስታት የሚከፍተው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሰዎች በ71 ዲግሪ የሚከፍተውን ይገዛሉ። ፋኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ግን አልተቀየረም፤ ፋኑን የሚያስነሳው ከ105 ዲግሪ በላይ ነው። መኪናው ትራፊክ ላይ ሲቆም ሙቀቱ ያው እዚያው ይደርሳል። ቴርሞስታት በር እንጂ ማቀዝቀዣ አይደለም። መለወጥ ካለበት ቴርሞስታቱም ፋኑ የሚነሳበት ሙቀትም አብረው ይለወጡ።

በፋኑ ዙሪያ ያለውን መሸፈኛ ማውለቅም እንደዚያው ነው። ያለ እሱ ፋኑ የሚስበው በፊቱ ያለችውን ክብ ቦታ ብቻ ነው፤ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ይፈታሉ።

በመጨረሻ የ1990ዎቹን የጂኤም ኤልቲ1 ሞተር ያላችሁ፣ የ1994 እስከ 1996 ኢምፓላ ኤስኤስ ባለቤቶችም ጭምር። ይህ ሞተር ቀዝቃዛውን ውሃ መጀመሪያ የሚሰጠው ለቴስታታው (ለሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነው። የውሃው ጉዞ ከለመድነው ተቃራኒ ነው። ውሃ ቀይራችሁ አየሩን ካላስወጣችሁ ቴስታታው ውስጥ አየር ይታፈናል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሙሉት። ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ብሎን አላሏት፤ አረፋ የሌለበት ውሃ መውጣት ሲጀምር ዝጓት። ከዚያ በፊት ግን ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ከውሃ ፓምፑ ሥር ነው የተቀመጠው፤ ውሃ ከገባበት ደግሞ ይበላሻል።