ምርጫ በተቃረበበት አገር ገንዘብ ማስገባት፦ እንዴት እንደሚሠራ

ምርጫ ሊያካሂድ በተቃረበ አገር አክሲዮን ወይም ቦንድ መግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ያሸንፋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ብዙም አይረባም። የሚጠበቀው አሸናፊ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ዋጋው ውስጥ ገብቶ ያድራል። ትርፉም ኪሳራውም የሚመጣው ገበያው ከገመተውና ከኮሮጆው ከወጣው ልዩነት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መውጫውን ይዩ

የአገሩን ማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ያንብቡ። የትርፍ ድርሻና ዋናውን ገንዘብ ማስወጣት ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል? በይፋዊውና በትይዩው (በጥቁር ገበያው) ምንዛሪ መካከል ያለው ክፍተትስ? ክፍተቱ ከሰፋ፣ በይፋዊው ተመን ያሰሉት ትርፍ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ትርፍ ነው።

ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር የሞስኮ የአክሲዮን ገበያ ለአንድ ወር ገደማ ተዘጋ፤ ሲከፈትም የውጭ ባለሀብቶች እንዳይሸጡ ተከለከሉ። የአክሲዮን ገበያ መለኪያዎችን (ኢንዴክስ) የሚያወጣው ድርጅት ኤምኤስሲአይ የሩሲያን አክሲዮኖች ከታዳጊ ገበያዎች ኢንዴክሱ ሲያስወጣ የሰጣቸው ዋጋ ከዜሮ የማይሻል ነበር። አክሲዮኑ በስማቸው ተመዝግቦ እያለ ሊሸጡት ያልቻሉ ሰዎች ዛሬም አሉ።

2. ቀኖቹን ይመዝግቡ

የድምፅ መስጫው ቀን ብቻ አይበቃም። ቅድመ ምርጫው (ዕጩዎች የሚለዩበት)፣ ሁለተኛው ዙር፣ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምርበት ቀን፣ ቃለ መሐላው፣ የመጀመሪያው በጀት፣ ሁሉም ይግቡ። አርጀንቲና በ2019 ገበያዋ የተናጋው በኦክቶበሩ ምርጫ ሳይሆን ኦገስት 11 በተደረገው ቅድመ ምርጫ ማግሥት ነው። የፓርቲ የውስጥ ምርጫም አይረሳ፦ ብሪታንያ በ2022 ጠቅላላ ምርጫ ሳታደርግ ገዢው ፓርቲ መሪ ቀየረ፤ ሴፕቴምበር 23 የወጣው የታክስ ቅነሳ ዕቅድም ፓውንዱን በቀናት ውስጥ ወደ 1.03 ዶላር አካባቢ ጣለው።

3. ዋጋው የያዘውን ግምት ያውጡ

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ሜክሲኮ ጁን 2 ቀን 2024 ስትመርጥ ክላውዲያ ሼንባውም እንደምታሸንፍ ለማንም ምሥጢር አልነበረም። አሸነፈች። በማግሥቱ ግን ፔሶው 4 በመቶ ገደማ፣ የአክሲዮን ገበያው 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ያስደነገጠው ፕሬዚዳንትነቱ ሳይሆን ፓርቲዋና አጋሮቹ በምክር ቤት ያገኙት መቀመጫ ነው፤ ሕገ መንግሥት ለመቀየር ለሚጠይቀው ሁለት ሦስተኛ በቅተዋል ወይም ተቃርበዋል ማለት ነበርና። አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የጀመረው ሴፕቴምበር 1፣ አዲሷ ፕሬዚዳንት ደግሞ ኦክቶበር 1 ነው። ዳኞች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ያደረገው ማሻሻያ የጸደቀው በዚያች በአንድ ወር ክፍተት ውስጥ፣ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ላይ እያሉ ነው።

በዚያው ሳምንት ሕንድ ተገላቢጦሹን አሳየች። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ መራጮችን ጠይቀው የተሠሩ ትንበያዎች ገዢው ፓርቲ በሰፊው ያሸንፋል ስላሉ ጁን 3 ገበያው ከ3 በመቶ በላይ ወጣ። ጁን 4 ቆጠራው ሲታወቅ ፓርቲው 240 መቀመጫ ብቻ አገኘ፤ ለብቻው መንግሥት ለመመሥረት 272 ያስፈልገው ነበር። ገበያው በአንድ ቀን ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ ወደቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ያው ሞዲ ናቸው! «ማን ያሸንፋል» የሚለውን በትክክል የመለሰ ሰው በሁለቱም አገር ከስሯል።

ስለዚህ ወረቀት ያውጡና ከፓርቲ ስም ይልቅ የመቀመጫ ቁጥር ይጻፉ፦ ከግማሽ በታች፣ ከግማሽ በላይ፣ ሁለት ሦስተኛ። በእያንዳንዱ ሥር የትኛው ሕግ ሊያልፍ እንደሚችል፣ የገዙትን ኩባንያ በምን እንደሚነካው በአንድ መስመር ያስፍሩ።

የገበያውን ግምት ለማየት ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛው የምንዛሪ ኦፕሽን ነው፤ ይህም ምንዛሪን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ፣ እንደ መድን የሚያገለግል ውል ነው። ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት የሚያበቃውንና አንድ ሳምንት በኋላ የሚያበቃውን ውል ያወዳድሩ፤ የኋለኛው እጅግ ከተወደደ ገበያው ድንጋጤ ይጠብቃል፣ ተቀራራቢ ከሆኑ ተዘናግቷል። ርካሽ መከላከያ የሚገኘው ሲዘናጋ ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ቦንድ ወለድ ከሌላ አገር ቦንድ ጋር ያለው ልዩነት ነው፤ ሲሰፋ ገበያው ፈርቷል ማለት ነው። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ጁን 9 ቀን 2024 ምክር ቤቱን ሲበትኑ፣ የፈረንሳይ የ10 ዓመት ቦንድ ከጀርመን ያለው ልዩነት ከግማሽ ፐርሰንት አካባቢ ወደ 0.8 ከፍ አለ። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከእነዚህ ቀጥሎ ይታይ እንጂ አይቅደም።

4. በራስዎ ገንዘብ ያስሉ

አክሲዮኑ 20 በመቶ ወጥቶ ምንዛሪው 30 በመቶ ቢወርድ፣ 1.2 ሲባዛ በ0.7 ማለት 0.84 ነው፤ 16 በመቶ ከስረዋል። ከላይ ያልነው የአርጀንቲና ገበያ በአንድ ቀን በፔሶ 38፣ በዶላር 48 በመቶ ወርዷል።

ነገሩ ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ብሪታንያ በጁን 2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን ፓውንዱ ከ30 ዓመት ወዲህ ወዳልታየ ደረጃ ወረደ፤ የለንደን ገበያ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ ፉትሲ 100 ግን በሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ። ኩባንያዎቹ አብዛኛውን ገቢ የሚያገኙት ከውጭ ስለሆነ ነው። የአገር ውስጥ ገበያ ላይ የተመሠረቱት የፉትሲ 250 (በመጠን ከእነዚያ ቀጥለው ያሉ) ኩባንያዎች ያን ዕድል አላገኙም። የሚገዙት ኩባንያ በየትኛው ገንዘብ ይሸጣል፣ በየትኛው ይበደራል? ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አለ።

5. ከፋፍለው ይግቡ

አንድ ሦስተኛውን ከምርጫው በፊት፣ አንድ ሦስተኛውን መቀመጫው ተቆጥሮ ሲያልቅ፣ ቀሪውን ከመጀመሪያው በጀት በኋላ ያስገቡ።

«ዋጋው እዚህ ሲደርስ ሽጥልኝ» የሚለው ትእዛዝ ለምርጫ ሌሊት አይታመንም። ገበያው ተዘግቶ አድሮ 30 በመቶ ወርዶ ቢከፈት፣ ትእዛዙ የሚፈጸመው በተከፈተበት ዋጋ እንጂ እርስዎ በጻፉት አይደለም። በኖቬምበር 2016 የትራምፕ ማሸነፍ ሲሰማ የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ በሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ የሚሸጠው የቅድሚያ ውል (ፊውቸር) ሌሊቱን 5 በመቶ ወርዶ ከዚያ በታች እንዳይሸጥ የተቀመጠለት ገደብ ላይ ቆመ፤ በማግሥቱ ገበያው ሲዘጋ ከ1 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሌሊቱን የሸጠ ሰው የሸጠው በዝቅተኛው ዋጋ ነው።

ፋብሪካ ወይም ማዕድን ለሚያስቡ

በአገርዎና በዚያ አገር መካከል የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ፣ ስምምነት ባለው ሦስተኛ አገር በኩል መግባት ይቻላል፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ከሆነ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ በአውስትራሊያ የሲጋራ ማሸጊያ ሕግ ላይ ክስ ለመመሥረት ድርሻውን ወደ ሆንግ ኮንግ ኩባንያው ካዛወረ በኋላ፣ የግልግል ዳኞቹ በ2015 ጉዳዩን አናይም ብለው መልሰውታል። የፖለቲካ አደጋ መድንም እንዲሁ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ሚጋ ለመውረስ፣ ለምንዛሪ ዕገዳ፣ ለጦርነትና ለውል መፍረስ ዋስትና ይሰጣል፤ ማመልከቻው ግን ገንዘቡ አገሩ ከመግባቱ በፊት ይግባ።