የወገብ ኤምአርአይ ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

ብዙ ሰው የኤምአርአይ ውጤቱን እንደተቀበለ ፖስታውን ከፍቶ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያነባል። እዚያ "ዲጄነሬሽን"፣ "ፕሮትሩዥን"፣ "ስቴኖሲስ" የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ይጀምራል። ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ በጭንቀት ያልቃል።

እኔ ሐኪም ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት በደንብ ማንበብ የለመድኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ራዲዮሎጂስቶችና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች አብረው በሚቀመጡበት የኬዝ ውይይት ላይ ነው። እዚያ የምንከተለው ቅደም ተከተል ለታካሚም ይሆናል።

መጀመሪያ ሪፖርቱን ሳይከፍቱ ሕመምዎን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ወገብ ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ እግር ይወርዳል? የትኛው እግር? ከጉልበት በታች ያልፋል? የሚደነዝዘው የቱ ጋ ነው? ሲቀመጡ ይብሳል ወይስ ሲራመዱ? ይህን መዝለል አይገባም። ሪፖርቱን አንብበው ከጻፉ፣ ሳይታወቅዎ ሕመምዎን ከተጻፈው ጋር ያስማሙታል። ጥሩ አወያዮችም የታካሚው ታሪክና የአካል ምርመራው ተነግሮ ሳያልቅ ፊልሙን አያሳዩም።

ሲጽፉ ሽንት አልወጣ ማለቱን ወይም ማምለጡን፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝን፣ ወይም እግር ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ መሄዱን ካስተዋሉ ሪፖርቱን ይተዉት። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀጠሮ አይጠበቅበትም።

ስሙ፣ ዕድሜውና ቀኑ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ። ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው፤ ጀማሪ ሐኪምም ጭምር።

የወገብ አጥንቶች 5 ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ከኤል1 እስከ ኤል5 ይባላሉ። ከሥራቸው ያለው የዳሌ አጥንት የመጀመሪያ ክፍል ኤስ1 ነው። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ የሚጠራው ከላይና ከታች ባሉት አጥንቶች ስም ነው። ኤል4-ኤል5 ማለት በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ያለው ዲስክ ነው። አብዛኛው የወገብ ዲስክ መንሸራተት የሚያጋጥመው በዚህና ከሥሩ ባለው ኤል5-ኤስ1 ላይ ነው።

ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮችም በአጥንቶቹ ስም ይጠራሉ። የኤል4-ኤል5 ዲስክ ቢንሸራተት የትኛው ነርቭ ይጎዳል? ኤል4 የሚል ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጎዳው ኤል5 ነው። የኤል4 ነርቭ ከዲስኩ ከፍ ብሎ ባለው የጎን ቀዳዳ በኩል ወጥቷል። ዲስኩ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ነው፤ በዚያ በኩል ወደ ታች የሚያልፈው ኤል5 ነው። ኤል4 ፌርማታው ላይ ወርዷል፤ ኤል5 ገና መኪናው ውስጥ ነው።

ሪፖርቱ "ፎራሚናል" ወይም "ፋር ላተራል" ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ዲስኩ ወደ ጎን ርቆ ስለወጣ የሚያገኘው ቀዳዳው ጋ ያለውን ኤል4 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን የአቅጣጫ ቃልም ያንብቡ።

አሁን የጻፉትን ወረቀት ያውጡ። ኤል4 ሲነካ ሕመሙ በጭን ፊት ወርዶ ወደ ቅልጥም ውስጠኛ ጎን ይሄዳል። ኤል5 በእግር ውጪኛ ጎን ወርዶ የእግር ጀርባና አውራ ጣት ላይ ይደርሳል፤ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት፣ በተረከዝ መራመድም ይከብዳል። ኤስ1 ከኋላ በባት በኩል ወርዶ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ውስጥ እግር ይሄዳል፤ በጣቶች መቆም ያስቸግራል። ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል፤ ግን ጎኑና መንገዱ በደንብ ከገጠሙ ሪፖርቱ ላይ ያለው ነገር የሕመምዎ ምንጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

ካልገጠሙስ? አንድ ታካሚ "ዲስክ ወጥቶብኛል" ብሎ መጣ። ሪፖርቱ ላይ በግራ በኩል ትንሽ ፕሮትሩዥን አለ። እሱን የሚያመው ግን ቀኝ ብሽሽቱ ነው። ችግሩ የዳሌ መገጣጠሚያው ሆኖ ተገኘ። ሪፖርቱ ስህተት አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የጻፈው።

"ትራንዚሽናል" የሚል ቃል ካዩ ያስምሩበት። አንዳንድ ሰው ላይ የመጨረሻው የወገብ አጥንት ከዳሌው አጥንት ጋር በከፊል ይጣበቃል። ያኔ አንዱ ራዲዮሎጂስት ኤል5 ያለውን ሌላው ኤስ1 ሊለው ይችላል። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ አጥንቶቹ እንዴት እንደተቆጠሩ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አስፈሪዎቹ ቃላት በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ዲጄነሬሽን የዲስኩ ውኃ መቀነስ ነው። ባልጅ ዲስኩ በሰፊው ዙሪያውን ሲለጠጥ ነው። ፕሮትሩዥን በአንድ ቦታ፣ ሰፊ መሠረት ይዞ ሲወጣ ነው። ኤክስትሩዥን የወጣው ክፍል ከመውጫው ሲሰፋ፣ ሴኩዌስትሬሽን ደግሞ ጨርሶ ሲለይ ነው። ስቴኖሲስ የነርቮች መተላለፊያ መጥበብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ላይም ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ ሕመም የሌለባቸው 3110 ሰዎችን የያዙ 33 ጥናቶችን አሰባስቧል። ዲጄነሬሽን በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ነበር። ባልጅ በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ "ማይልድ" (ቀላል) የሚል ቅጽል ይዘው ከመጡ በእነሱ ብቻ እንቅልፍዎን አይጡ። ይልቅ ነርቩ ምን ሆነ የሚለውን ይፈልጉ፦ ተነክቷል? ተገፍቷል? ተጨምቋል?

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ይያዙ። በስልክ የተነሳ የፊልም ፎቶ አልወድም። ሐኪሙ ምስሎቹን አንድ በአንድ፣ ከጎንም ከላይም ማየት አለበት፤ አንድ ፎቶ ይህን አይሰጥም። ሪፖርቱን በማኅበራዊ ሚዲያ ግሩፕ ለጥፎ ምክር መጠየቅም ይቅርብዎት። እግርዎን ሳይመረምር ስለ ዲስክዎ መናገር የሚችል ሰው የለም።

ኤክስትሩዥን ወይም ሴኩዌስትሬሽን ተብሎ ከተጻፈም ቀዶ ሕክምና ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ትልልቅ ሆነው የወጡ ዲስኮች ከጊዜ ጋር ራሳቸው የመሟሸሽ ዕድላቸው ከትንንሾቹ ይበልጣል፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር እያፈረሰ ያነሳቸዋል። ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ "ገብቶ እንደሆነ ልይ" ብለው ኤምአርአይ አይድገሙ። የሚደገመው አዲስ ድክመት ወይም አዲስ መደንዘዝ ሲመጣ፣ ሕመሙ መልኩን ሲቀይር፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ታስቦ የቀድሞው ምስል የቆየ ሲሆን ነው።