ጠቃሚ ምክር፦ «አስቀምጥ» ሲባል ዝም የሚል የቲኪንተር ፕሮግራም

በፓይተን ቲኪንተር (መስኮትና ቁልፍ ያላቸውን ፕሮግራሞች መሥሪያ) በሠራችሁት ፕሮግራም ተጠቃሚው «አስቀምጥ»ን ተጭኖ ምንም ካልመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ስህተት ተፈጥሯል፤ የሚያየው ግን የለም። ቲኪንተር ከሚጫነው ቁልፍ ጀርባ ያለው ኮድ ሲሰናከል ዝርዝሩን ወደ ጥቁሩ የኮንሶል መስኮት ይጽፋል። ፕሮግራሙ በፓይኢንስቶለር (የፓይተንን ኮድ ራሱን ችሎ የሚከፈት ፕሮግራም አድርጎ በሚያሽገው መሣሪያ) ያለ ኮንሶል ከታሸገ መስኮቱ ስለሌለ መልእክቱም ጠፍቶ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲፈጠር ቲኪንተር የሚጠራውን፣ የዋናውን መስኮት «ሪፖርት_ኮልባክ_ኤክሴፕሽን» (report_callback_exception) በራሳችሁ ፈንክሽን ተኩት። ሦስት ነገር ይቀበላል፦ የስህተቱን ዓይነት፣ ስህተቱን ራሱንና ትሬስባኩን (ስህተቱ በየትኛው የኮድ መስመር እንደተፈጠረ የሚያሳየውን ዝርዝር)። ትሬስባኩን ሙሉውን ከነሰዓቱ ሎግ ፋይል (የክስተት መመዝገቢያ ፋይል) ላይ ጻፉት፤ ለተጠቃሚው አታሳዩት። ለምሳሌ ፕሮግራሙን የምትጠቀም ሒሳብ ሠራተኛ «ኤረር 13፣ ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) ብትባል ምን ታድርገው? «ፋይሉ አልተቀመጠም። በኤክሴል ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ዘግተው እንደገና ይሞክሩ» በሏት። ቅጹንም አታጽዱባት፤ ግማሽ ሰዓት የሞላችው ነው።

ይህ ግን በሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) የሚሠራውን ኮድ አይሸፍንም። ለእሱ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ያለውን የትሬዲንግ ኤክሴፕትሁክ (threading.excepthook) ተጠቀሙ። የመልእክት ሳጥኑን ከዚያው ትሬድ ከከፈታችሁት ፕሮግራሙ ሊደርቅ ስለሚችል፣ መልእክቱን በኪው (በወረፋ ማስተላለፊያ) ወደ ዋናው ትሬድ አሳልፉትና እዚያ ይከፈት።