የሀሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን፦ ከመግባታችሁ በፊት እንዴት ትዘጋጃላችሁ፣ ከወጣችሁ በኋላስ እንዴት ታገግማላችሁ?

የሀሞት ከረጢትህ በኦፕራሲዮን ይውጣ ተብላችሁ ቀጠሮ እየጠበቃችሁ ከሆነ ይሄን ተረጋግታችሁ አንብቡት። ኦፕራሲዮኑን ሰርጀኑ ይሰራዋል፣ ከሱ በፊትና በኋላ ያለው ግን አብዛኛው በናንተና አብሯችሁ በሚኖር ሰው እጅ ነው። ሰው ደሞ ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፣ ትከሻዬን ለምን አመመኝ፣ ሆዴ ለምን ተነፋ፣ ይሄ ያለ ነው ወይስ ተመልሼ ልሂድ እያለ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። የቱ ያለ ነገር እንደሆነ የቱ ደሞ አደገኛ እንደሆነ ቀድማችሁ ካወቃችሁ በጣም ይቀላችኋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ ሀሞት የሚያመርተው ጉበት ነው እንጂ ከረጢቱ አይደለም። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ገደማ ሀሞት ያመርታል፣ ከረጢቱ ከስሩ ሆኖ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን እያጠራቀመ ያወፍረውና ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ተጨምቆ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ከረጢቱ ሲወጣ ሀሞቱ ሳይጠራቀም ቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል ማለት ነው፣ ስለዚህ ያለሱ በደንብ ይኖራል። ከረጢቱ ውስጥ የተሰራውን ጠጠር ብቻ አውጥተው ከረጢቱን ለምን አይተዉልኝም የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱ ጠጠሩን የሚሰራው ያው ታማሚው ከረጢት ስለሆነ ከተተወ እንደገና ይሰራል። ዘይትና ሎሚ ጠጥቼ ጠጠሩ ወጣልኝ የሚሉትን ደሞ እባካችሁ አትስሟቸው፣ በሰገራ የሚወጣው አረንጓዴ ድብልብል ነገር የጠጡት ዘይት ሆድ ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተቀይሮ ነው እንጂ ጠጠር አይደለም። በሌላ በኩል ደሞ ጠጠሩ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ስትነሱ በአጋጣሚ የታየ ከሆነና ምንም አሟችሁ የማያውቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ ዶክተሩን ይሄን በግልጽ ጠይቁት።

1. ከሰርጀኑ ጋር በደንብ አውሩ

አብዛኛው ሰው የሚሰራለት በላፓራስኮፒ ነው፣ ሆድ ላይ 3 ወይም 4 ትንንሽ ቀዳዳ ይደረግና በካሜራ እያዩ ያወጡታል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል፣ በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ቤት ትገባላችሁ። ግን ከረጢቱ በጣም ተቆጥቶ ከአካባቢው ጋር ከተጣበቀ ወይም ደም ካስቸገረ ሰርጀኑ እዛው ወደ ክፍት ኦፕራሲዮን ሊቀይረው ይችላል። ይሄ ስህተት ተሰራ ማለት አይደለም፣ ለናንተ ደህንነት ሲባል የሚወሰን ነው። የፈቃድ ፎርሙን ከፈረማችሁ በኋላ ሳይሆን ከመፈረማችሁ በፊት ስለዚህ ጠይቁት፣ ምክንያቱም በክፍት ከሆነ ሆስፒታል ጥቂት ቀን መተኛት አለ፣ ማገገሙም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ሌላው መጠየቅ ያለበት ሀሞት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቱቦ ውስጥ የወረደ ጠጠር መኖር አለመኖሩ ነው፣ አይናችሁ ቢጫ ሆኖ የሚያውቅ ከሆነ ወይ የጉበት ምርመራው ከፍ ካለ መጀመሪያ እሱ መታየት አለበት።

2. የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ጻፉ

ሁሉንም ስል ሁሉንም ነው፣ ቫይታሚኑም የባህል መድሃኒቱም ይግባ። በተለይ አስፕሪን፣ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል የመሳሰሉ ደም የሚያቀጥኑ መድሃኒቶች፣ የስኳርና የደም ግፊት መድሃኒት የምትወስዱ ከሆነ የቱ መቼ እንደሚቆም የቱ እንደሚቀጥል ዶክተሩ ነው የሚነግራችሁ። በራሳችሁ ማቆምም በራሳችሁ መቀጠልም ሁለቱም አደጋ አለው፣ አንዱ ያደማል ሌላው ደሞ ደም ያረጋል። አለርጂ ካላችሁ፣ ድሮ በማደንዘዣ ችግር ገጥሟችሁ ወይ ገጥሞት የሚያውቅ ቤተሰብ ካለ፣ እርግዝና ከተጠረጠረ አትደብቁ። ሲጋራ የምታጨሱ ደሞ ዛሬውኑ አቁሙ፣ ሳንባችሁ ማደንዘዣውን በደንብ እንዲችል ቁስላችሁም ቶሎ እንዲድን በጣም ይጠቅማል።

3. ቤቱን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ይሄን ሰው ይንቀዋል እንጂ ትልቅ ነገር ነው። ማጎንበስና መንጠራራት ስለሚያም የምትፈልጉትን እቃ ወገብ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት፣ ቅባቱ ትንሽ የሆነ ምግብ ቀድማችሁ ሰርታችሁ አስቀምጡ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሰፊ ልብስ አዘጋጁ ምክንያቱም አንዱ ቀዳዳ እምብርት ጋር ስለሆነ ጠባብ ሱሪ ያሰቃያችኋል። ከሆስፒታል የሚያወጣችሁና ቢያንስ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት አብሯችሁ የሚያድር ሰው መኖር አለበት፣ ማደንዘዣው ከሰውነት ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ መንዳትም ትልቅ ውሳኔ መወሰንም የለም። ህፃን ልጅ ካላችሁ አንስቶ የሚያቅፍላችሁ ሰው ከወዲሁ ፈልጉ።

4. ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለው ሌሊትና ጠዋቱ

በባዶ ሆድ ኑ ሲሏችሁ እውነታቸውን ነው። ማደንዘዣ ውስጥ እያላችሁ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ከገባ ህይወት ሊያሳጣ ይችላል። በተለምዶ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ንጹህ ውሃ ደሞ ብዙ ቦታ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል፣ ግን የናንተ ሆስፒታል የሰጣችሁን ሰዓት ነው የምትከተሉት። ረስታችሁ ከበላችሁ ተናገሩ፣ ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላል። ገላችሁን ታጠቡ፣ የጥፍር ቀለም፣ ጌጣጌጥ፣ ኮንታክት ሌንስና የሚወልቅ ጥርስ ይውለቅ፣ ሆዳችሁን በራሳችሁ አትላጩ ቆዳው ተጭሮ ኢንፌክሽን ያመጣል።

5. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ስትነቁ ጉሮሮ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርድ ብርድ ማለት ይኖራል፣ ካቅለሸለሻችሁ ለነርሷ ንገሯት መድሃኒት አለው። ከዛ በኋላ የሚመጣውና ሰውን በጣም የሚያስደነግጠው የትከሻ ህመም ነው፣ በተለይ የቀኙ። ሆዳችሁ የተሰራ ትከሻችሁን ምን አገኘው? በላፓራስኮፒ ጊዜ ሆድ ውስጥ ቦታ እንዲኖር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሞላል፣ የቀረው ጋዝ ከሳንባ ስር ያለውን ጡንቻ ይነካካዋል፣ የዛ ጡንቻ ነርቭ ደሞ መነሻው ከትከሻው ነርቭ ጋር አንድ አካባቢ ስለሆነ አእምሮ ህመሙን ትከሻ ላይ ነው የሚያነበው። ሰውነት ጋዙን ራሱ ይመጠዋል፣ ብዙ ጊዜ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ይለቃል፣ ቀስ እያሉ መራመድና ትከሻ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ማድረግ ያግዛል። ግን ህመሙ ደረት ላይ ከሆነ ወይ ትንፋሽ ካጠረ እሱ ሌላ ነው፣ ጋዝ ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

ከአልጋ ስትነሱ ቀጥ ብላችሁ አትነሱ። ጉልበታችሁን አጥፉና በጎን ተገልበጡ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱና በክርናችሁ ተደግፋችሁ ቀና በሉ፣ እንዲህ ስታደርጉ የሆድ ጡንቻ ብዙም አይሳብም። ስታስሉ፣ ስታስነጥሱ፣ ስትስቁም ትራስ ሆዳችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ያማል ብላችሁ ማሳልንና በረጅሙ መተንፈስን አትተዉ፣ ሳንባ ካልተከፈተ የሳንባ ምች ይከተላል። በዛው ቀን ተነስቶ መራመድም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ቢሆንም ይሁን፣ ዝም ብሎ የተኛ ሰው እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

ማስታገሻውን ህመሙ እስኪጠና አትጠብቁ፣ የታዘዘላችሁን በሰዓቱ ውሰዱ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ፣ የጉንፋን መድሃኒቶችም ውስጥ ስላለ ሳታውቁት እንዳትደራርቡት። ጠንከር ያለው ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፣ ውሃ ጠጡ፣ ተራመዱ፣ ካስቸገረ የሚያለሰልስ መድሃኒት ጠይቁ እንጂ ሽንት ቤት ቁጭ ብላችሁ አታምጡ።

ቁስሉን ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ሻወር መውሰድ ይቻላል፣ ሳይታሽ ውሃው ይፍሰስበትና በንጹህ ፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ አድርቁት። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ግን ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና መዋኘት የለም። ቅባትም ዱቄትም አትጨምሩበት።

6. ምግብ

ለህይወት ዘመን የሚከለከል ምግብ የለም፣ ይሄን የምለው ብዙ ሰው ከፍርሃት የተነሳ ወር ሙሉ ምንም ሳይበላ ስለሚከሳ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር፣ ከዛ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። የተጠበሰ ነገር፣ ጮማ፣ ቅቤና ክሬም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ቀንሱ፣ ከዛ አንድ በአንድ እየሞከራችሁ መልሱ፣ የቱ እንደሚስማማችሁ ሆዳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሀሞቱ አሁን ሳይጠራቀም ስለሚወርድ አንዳንዱን ሰው ያስቀምጠዋል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ አጃና ሙዝ ሰገራውን ጠንከር ያደርጋሉ። ካልቆመ ግን ቻሉት ብሎ የሚተው ነገር አይደለም፣ የተረፈውን ሀሞት የሚይዝ መድሃኒት ስላለ ዶክተር ጋ ሂዱ።

7. ወደ ስራ መመለስ

ቁጭ ተብሎ የሚሰራ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ የጉልበት ስራ ከሆነ ግን ከዛ ይረዝማል። እቃ ማንሳት ላይ ከ5 ኪሎ በላይ የሆነውን ሰርጀኑ እስኪፈቅድ ተዉት፣ ቁስሉ ከላይ ቢደርቅም ከውስጥ ገና ነው፣ ካስቸኮላችሁት ሄርኒያ (በላላው የሆድ ጡንቻ በኩል አንጀት ወይ ስብ ወደ ውጭ ገፍቶ ማበጥ) ሊወጣ ይችላል። መኪና ለመንዳት ጠንካራ ማስታገሻ ያቆማችሁና ፍሬን በድንገት መርገጥ የማያማችሁ መሆን አለባችሁ። ድካም ደሞ ከህመሙ ይልቅ ይቆያል፣ ቀን ላይ እንቅልፍ ከመጣ ተኙ።

8. እነዚህን ካያችሁ ነገ እሄዳለሁ አትበሉ

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ አይን ወይ ቆዳ ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ መጥቆር፣ ሰገራ መንጣት፣ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ ሲገባው እየባሰ የሚሄድ የሆድ ህመም፣ የማያቆም ትውከት፣ ከቁስሉ መግል ወይ የማይቆም ደም፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር። ቢጫ መሆንና እየባሰ የሚሄድ ህመም የሀሞት ቱቦ መጎዳቱን፣ ሀሞት መፍሰሱን ወይም ቱቦው ውስጥ ጠጠር መቅረቱን ሊያመለክት ይችላል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ከገጠመ ግን ቶሎ ሲደረስበት ነው መፍትሄው የሚቀለው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይ ራሳችሁን ከሳታችሁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ ለሌላው ለሰሩላችሁ ሆስፒታል በዛው ቀን ደውሉ፣ ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስልኩን ከመውጣታችሁ በፊት ተቀበሉና አብሯችሁ ያለው ሰውም ይመዝግበው።

ለቁጥጥር ስትሄዱ የወጣው ከረጢት ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ላብራቶሪ) ተልኮ ከሆነ ውጤቱን ጠይቁና ኮፒውን ቤት ከሌላው ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡት።